ሌላ ሰው የነካው ሞተር

በዚህ መጽሔት ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ታሪክና ስለ ኅብረተሰብ ነው። እኔም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ከዚያው ባልወጣ ይሻለኝ ነበር። ዳሩ ግን ያለፈውን ክረምት አማኑኤል ላይ ያሳለፍሁት ከመጻሕፍት ይልቅ ከአንዲት አሮጌ ቶዮታ ጋር ነው። አባቱ ወይም አጎቱ አሮጌ መኪና ያለው ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ስላልሆነ፣ ያየሁትን ብጽፈው የአንድ ሰው ገንዘብ ያድን ይሆናል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

መኪናይቱ የአጎቴ ናት። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ከተማ ስትሆን፣ አጎቴም በዚያች መንገድ እየተመላለሰ እህል ይነግዳል። መኪናዋ በአገራችን ዲኤክስ የምትባለው ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4 ኬ ይባላል፤ አራት ሲሊንደር፣ 1,290 ሴንቲ ሜትር ኩብ። ከእጅ አይሻል ዶማ ብንላትም፣ የአንድ ቤተ ሰብ ቀለብና የእኔ የኪስ ገንዘብ የሚወጣው ከእርስዋ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋራዥ ገብታ ሦስት ጊዜ «ዳነች» ተባለ። የተከፈለው ሒሳብ ሲደመር ሁለት የእርሻ በሬ ይገዛ ነበር።

«ለምን አይሸጣትና ሌላ አይገዛም?» የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለው የቤንዚን ሞተር ምትክ የሚመጣለት ሳይሆን የሚጠገን ነው፤ ጥገናው ከተበላሸም ባለቤቱ የሚወድቀው ባዶ ሜዳ ላይ ነው።

የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነበር። አጎቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ያን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ከሸለቆው ሥር ተነሥቶ ደጀን እስኪደርስ ድረስ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። አጎቴም ውኃ ጨምሮ፣ ጥቂት አርፎ፣ ደግሞ ውኃ ጨምሮ ቤቱ ገባ። ሁላችንም የፈረድነው በዳገቱና በመኪናዋ እርጅና ላይ ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ጥፋቱ የአንዲት ክዳን ነው።

ይህን ጉዳይ ከፊዚክስ ተማሪዎች ይቅርታ ጠይቄ ላብራራ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አማኑኤልም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለ ሆነ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እናቶቻችን ባቄላ ቶሎ አልበስል ሲላቸው እንጨቱን ይወቅሳሉ እንጂ ምክንያቱ ይኸው ነው። የራዲያተር ክዳን እንግዲህ ተራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ያለው ሞላ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር፣ ደኅና ክዳን ያለው ራዲያተር በእኛው አገር ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋና ሞተሩ በ92 ዲግሪ መንተክተክ ይጀምራል። በቆላ የሚያገለግል አሮጌ ክዳን በደጋ አያገለግልም ማለት ነው። ጥቂት ብር የሚያወጣውን ይህን ዕቃ ማንም አላየውም።

የፈላ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቴስታታው ነው። የሞተሩ አካል ከብረት፣ ቴስታታው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፤ በቡሎን ተቸንክሮ ስለ ተያዘም መለጠጫ ሲያጣ ይጎብጣል። ጉብጠቱ ከሰው ጸጉር ውፍረት ቢያንስ እንኳ በመካከላቸው ያለውን ጓርኒሲዮን ለማቃጠል ይበቃል። ስለዚህ ቴስታታው በተፈታ ጊዜ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በላዩ አጋድሞ፣ በሥሩ ቀጫጭን የመለኪያ ቅጠሎችን እያስገቡ መፈተሽ፣ ጎብጦ ከተገኘም ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ያስፈልጋል። ስሙን የማልጠቅሰው የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን አላደረገም። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባ፣ ቡሎኖቹን በጉልበቱ አጠበቀ፣ ሒሳቡን ተቀበለ።

ስለ ቡሎን ከተነሣ አይቀር፣ ሰሌን ሲነጠፍ እጥፋቱ የሚገፋው ከመሃል ወደ ዳር እንደ ሆነ ሁሉ የቴስታታ ቡሎንም የሚጠብቀው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር፣ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ አለ። አብዛኞቹ ባለ ሙያዎች ግን «እጄ ያውቀዋል» ይላሉ። እጅ በእርግጥ ብዙ ያውቃል፤ ነገር ግን ጠዋት ያጠበቀውና ከሰዓት በኋላ ደክሞት ያጠበቀው እኩል መሆኑን እጅ ሊነግረን አይችልም።

ሁለት ወር ሳይሞላ መኪናዋ ዳገት አልወጣ አለች፤ ውኃም ያለ ምክንያት ይጎድል ጀመር። ወደ ሁለተኛ ጋራዥ ተወሰደች። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያናድደኝ የዚህ ጋራዥ ነገር ነው፤ ምክንያቱም መለኪያ ነበራቸው! ካንዴላዎቹን ፈትተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ ለኩ፤ 1ኛውና 4ኛው 8 ተኩል፣ 2ኛውና 3ኛው ግን 5 ሆኑ። ከዚያም «አንዱም መጽሐፉ የሚለው ላይ አልደረሰም፤ ፋሻው አልቋል» ብለው ሞተሩን በሙሉ አወረዱት።

ፍርዱ በሁለት በኩል ስሕተት ነበር። በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ በጎጃም ደጋ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። በዚህ አገር መነበብ ያለበት ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሲሊንደር ከሲሊንደር ጋር ነው። ሁለተኛም፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲወድቁና የቀሩት ደኅና ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ለመጠርጠር ከዚህ የበለጠ ምልክት አይገኝም። የሚጠራጠር ሰው በሲሊንደሩ ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው፣ እዚያው ከቆመ የባልቦላ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። አንድ ማንኪያ ዘይት ስለ ተቆጠበ አንድ በሬ ሄደ።

ያልታመመው ሲታከም ደግሞ ሌላ በሽታ ገባ። አዲስ ፋሻ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስተዋት ለስልሶ ሳለ ቢገባ አይገጥምም፤ ግድግዳው በቀጭኑ በመስቀለኛ ጭረት መሸካከር አለበት። ይህ ስላልተደረገ መኪናዋ ሰማያዊ ጢስ ማጤስ ጀመረች። ነጭ ጢስ የውኃ፣ ሰማያዊ የዘይት፣ ጥቁር የቤንዚን ብዛት ምልክት መሆኑን በዚያ ሰሞን ነው የለየሁት። አጎቴ ሁለቱን በአንድነት አገኘ። ከዚያ በላይ በጓርኒሲዮኑ ፈንታ ሲሊኮን የተባለውን ማጣበቂያ እንደ ቅቤ ለቅልቀውት ነበርና፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ተንጠባጥቦ የዘይቱን መሳቢያ ወንፊት ሲዘጋ ቆየ። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው።

ሦስተኛው ጥገና አጭር ነበር። መኪናዋ አሁንም ስትፈላ «ቴርሞስታቱ ነው» ተብሎ ተነቅሎ ተጣለ። ይህ በአገራችን የተለመደ ሥራ ነው፤ ብዙ ሾፌርም «ያቀዘቅዛል» ብሎ ያመሰግናል። ቴርሞስታት እስከ 82 ዲግሪ ገደማ ውኃውን ዘግቶ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ በር ነው። በሐምሌ ብርድ፣ በአማኑኤል ጠዋት፣ ይህ በር የሌለው ሞተር ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ድረስ በቅጡ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም እርጥበቱን ሳያተን እየወፈረ ይሄዳል። ዳገት ላይ ግን ያው መፍላቱ አይቀርም።

በዚህ ሁኔታ ነው እኔ ለክረምት ዕረፍት የደረስሁት። የዘይቱ መሙያ ክዳን ሲከፈት ከውስጡ የታየው ነገር ዘይት ሳይሆን እርጎ ይመስል ነበር። አጎቴ «ለቁራሌው ልሰጣት ነው» ብሎ ነበር፤ የእኔን የሚቀጥለውን ዓመት ነገርም ማንም በግልጽ ባያነሣው በቤቱ ውስጥ ይሰማ ነበር።

በከተማችን አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አሉ። አጎቴ እግራቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው። እርሳቸውም ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «ሌላ ሰው የነካው ሞተር ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ በሽታው፣ ሁለተኛው ሰውየው የሠራው» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ታነባለህ አይደል?» ብለው ከሣጥናቸው ሥር ዘይት የጠጣ የጥገና መጽሐፍ አወጡ። እንግዲህ የክረምት ሥራዬ ይህ ሆነ፤ እርሳቸው ይፈታሉ፣ እኔ አነብባለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ጥቂት ባልናገር ፋኩልቲዬን እበድላለሁ። መጽሐፉ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ከጣሊያን የተወረሰ ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባልቦላ፣ ብሮንዚና፣ ፍሪሲዮን፣ ችንጋ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ በመፍቻ ሣጥኑ ውስጥ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪናዎች ከጃፓን፣ መጻሕፍቱም በእንግሊዝኛ ስለ ሆኑ፣ የሚሠራው እጅ የሚያነበውን ዓይን አያውቀውም። ተለማማጁ የሚማረው ከጌታው አፍና እጅ ነው፤ ጌታው የተሳሳተውንም አብሮ ይማራል። እኔ ቃሉን አነብና አልገባኝም፤ ሽማግሌው ቃሉን አያውቁትም፤ ሥዕሉን ሳሳያቸው ግን «እ! ፑንቲናውን ነው የሚለው» ይላሉ። በሁለታችን መካከል አንድ ሙሉ መካኒክ ተገኘ ብል እውነት ነው።

የሥራቸው አካሄድ ከጋራዦቹ የተለየ ነበር። ምንም ከመፍታታቸው በፊት መኪናዋ እንዳትነዳ ከለከሉ፤ ውኃ የገባበት ዘይት ብሮንዚናውን ይበላልና። ቀጥሎም አጎቴን እንደ ሐኪም ጠየቁት፤ መጀመሪያ የሆነው ምንድን ነው፣ ከዚያ ማን ምን ነካ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ የት አለ? አሮጌው ዕቃ አልነበረም፤ ማንም መልሶ አልሰጠውም፣ እርሱም አልጠየቀም። የተበላሸ ጥገና ሲያጋጥም የመጀመሪያው ምስክር ይኸው ዕቃ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ፤ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን የት ላይ እንደ ተቃጠለ በፊቱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ነገር ሲፈታ እኔ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ቡሎኖቹንም በተራቸው በካርቶን ላይ ሰካን።

ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ በ2ኛውና በ3ኛው ሲሊንደር መካከል እንደ ምላስ ተበልቶ ተገኘ። ማስመሪያው ሲጋደምም በመሃሉ ብርሃን ታየ። አዲስ አበባ ሳይደርስ ደብረ ማርቆስ ላይ ተላገ። ወንፊቱ ሲወጣ የሲሊኮኑ ቁራጮች እንደ ትል ተጠቅልለውበት ነበር፤ ሽማግሌው አንዷን አንሥተው ለአጎቴ አሳዩትና ምንም አልተናገሩም። ግድግዳዎቹ ተሸካከሩ፣ ፋሻዎቹ ተመለሱ፣ ቴርሞስታትና አዲስ የራዲያተር ክዳን ተገዛ። የማጥበቂያውን መለኪያ ቁልፍ ከደብረ ማርቆስ በኪራይ አመጣን፤ ቁጥሩን እኔ አነብባለሁ፣ እርሳቸው ይጎትታሉ፣ «በቃ» የምለው እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም።

የሕግ ተማሪዎች «ለምን ጋራዦቹን አልከሰሰም?» ይሉኝ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ2610ኛው አንቀጽ፣ አንድ ባለ ሙያ የተወሰነ ውጤት በራሱ ኃላፊነት ሊያስገኝ፣ ደንበኛው ደግሞ ዋጋ ሊከፍል የሚገቡትን ውል ያውቃል። የአጎቴ ጉዳይ ይኸው ነበር። ነገር ግን ምን እንዲሠራ እንደ ተስማሙ የሚያሳይ አንድ ወረቀት የለውም፤ የተቀበለውም ደረሰኝ «የሞተር ሥራ» ከማለት ሌላ አይናገርም። ሁለተኛውን ጋራዥ ሄዶ ሲያነጋግረው «የፊተኛው ነው ያበላሸው» አሉት፤ የፊተኛውም ያለው «ከእኛ በኋላ ሌላ ሰው ነክቶታል» ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። አሁን አጎቴ መኪና ጋራዥ ሲያስገባ የሚሠራውን ነገር በዝርዝር አስጽፎ ያስፈርማል፣ አሮጌውን ዕቃ ይቀበላል፣ ሲለካም ቆሞ ያያል። መካኒኮቹ አይወዱለትም።

መኪናዋ ከመስከረም ጀምሮ ትሠራለች። 3ኛው ሲሊንደር ግድግዳው ላይ ጭረት ስለ ቀረበት ጠዋት ስትነሣ ጥቂት ሰማያዊ ታጤሳለች፤ ሽማግሌው «ይህ በሬቲፊካ እንጂ በእኔ አይድንም» ብለዋል፤ ለሬቲፊካው ገንዘብ ገና አልተገኘም። ባለፈው ሳምንት ስደውል አጎቴ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ቡና እየጠጣ ነበር። ክዳኑን ነክቶ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነው» አለኝ።