የወታደር ቦርሳና የአዳኝ ቦርሳ፤ ስለ ጀርባ ሸክም የቀረበ ዳሰሳ

በጎጃም ምድር፣ ይልቁንም ከአዴት እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ ሩቅ መንገደኛ ሸክሙን ለበቅሎና ለአህያ ሰጥቶ እርሱ ጠመንጃውን ወይም ዱላውን ብቻ ይዞ መጓዙ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ የወንድ ጀርባ ምን ያህል ጾር ሊችል እንደሚገባውና በምን ዓይነት ዕቃ ቢሸከመው እንደሚቀለው መመርመር ለብዙ ዘመን ማንንም ሲያሳስብ አልኖረም። የእናቶቻችን ጀርባ ግን ከእንስራና ከማገዶ ሸክም ዐርፎ አያውቅም፤ ስለ እርሱም ቢሆን የተመራመረ የለም።

የጥንቱ የስንቅ ዕቃ በየአገልግሎቱ የተለየ ነበር። እህሉ በአቁማዳ፣ በሶውና ጭኮው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በተሠራ ስልቻ፣ የተሰናዳው ምግብ በአገልግል፣ ውሃው በቅል ይያዝ ነበር፤ በጎጃም ቅኔ ቤቶች የሚንከራተተው የአብነት ተማሪ አኮፋዳውን በትከሻው ያነግታል፤ ካህኑም ዳዊቱን በማኅደር ከትቶ በጠፍር ማንገቻ ይሸከማል። ከእነዚህ ሁሉ ማኅደር፣ ለያዘው መጽሐፍ ልክ ሆኖ ስለሚሰፋና ሽፋኑም ብዙ ጊዜ ድርብ ስለሚሆን፣ በተሠራበት ጥንቃቄ የሚወዳደረው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ክብደቱን በሙሉ በአንድ ትከሻ ላይ የሚጥል ነው።

አዳኙም ከዚህ ሥርዓት የወጣ አልነበረም። ወደ ዓባይ በረሃና ወደ መተከል ቆላ ዝሆንና ጎሽ ሊያድኑ ይወርዱ የነበሩት የጎጃም ሰዎች ብቻቸውን ሳይሆን ከነአሽከሮቻቸውና ከነጭነት ከብቶቻቸው ነበር የሚወርዱት፤ ይዘውት የሚመለሱትም ሥጋውን ሳይሆን ለግዳዩ ምስክር የሚሆነውን ጅራት ወይም ጥርስ ነበርና፣ ፉከራውና ሽለላው ትልቅ ቢሆንም ሸክሙ ቀላል ነበር። ዛሬ በምዕራቡ ዓለም በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው የአዳኝ ቦርሳ ግን የተወለደው ከተቃራኒው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም አዳኙ ብቻውን ወይም ከአንድ ባልንጀራው ጋር መንገድ ወደሌለበት ጫካ ገብቶ፣ የገደለውን አውሬ ሥጋ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ይወጣል የሚለው ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው የሁለቱን ቦርሳዎች ጥቅም በትክክል ሊመዝን አይችልም።

ከብት በማይዘልቅበት መንገድ የሰው ጀርባ ግድ እንደሚሆን ጎጃም በጦርነት ጊዜ አይታዋለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ደብረ ማርቆስ በገሠገሡበት ዘመቻ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ይመራ የነበረው የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በሱዳን ግመሎች ላይ ነበር፤ የቆላው ልጅ የሆነው ይህ እንስሳ የደጋውን ዳገት፣ ብርድና የመኖ እጦት ሊቋቋም ባለመቻሉ፣ ለዘመቻው ከተሰበሰቡት 15,000 ገደማ ግመሎች ውስጥ አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በዚያው አገር ከጣሊያን ጋር አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋው አርበኛ ግን በስልቻ በሶና በቆሎ እየተጓዘ ገደሉን ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ እንደ መሆኑ መጠን እሳት ሳይነድ፣ ጭስ ሳይታይ፣ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ የሚበላ ነውና፣ ስለ ሸክም የሚነጋገር ሰው ስለ ቦርሳው ከመናገሩ በፊት ወደ ውስጡ ስለሚገባው ነገር ማሰብ እንዳለበት ያስረዳናል።

የወታደርና የአዳኝ ቦርሳ ከመጀመሪያውም ዘመዳሞች ናቸው። ኖርዌጃዊው ኦሌ በርጋን አደን ወጥቶ ሳለ ሸክሙ ጀርባውን ስላሠቃየው የጥድ ቅርንጫፍ አጉብጦ በጀርባውና በከረጢቱ መካከል እንዳስገባ ይተረካል፤ ፍሬም ያለውን ቦርሳ እ.ኤ.አ. በ1909 በስሙ ካስመዘገበ በኋላም ሐሳቡ ከአዳኝ ወደ ወታደር ተላልፎ፣ እንግሊዞች የወታደሩን የጀርባ ቦርሳ እስከ ዛሬ «በርገን» እያሉ ይጠሩታል። በአገራችን ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአሜሪካ ሠራዊት ጋር ተሰልፎ በአሜሪካ ትጥቅ ተዋግቷል፤ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ዘመን ደግሞ የሶቪየት ትጥቅ ቦታውን ወሰደ። የሶቪየቱ ወታደር ከረጢት አፉ በገዛ ማንገቻው ቋጠሮ የሚታሰር፣ ፍሬምም የወገብ ቀበቶም የሌለው ተራ ጆንያ መሰል ነገር ነው፤ ቀላልነቱ ቢመሰገንም ብዙ ክብደት ሲጫንበት ትከሻን ይበላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ብዙ የወታደር ልብስና ዕቃ በሕዝብ እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ከውጭ በሚመጣው የሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ የሚገኘው የጀርባ ቦርሳ ጥቂት አይደለም።

ከወታደር ቦርሳዎች ሁሉ በዓለም ገበያ እጅግ የታወቀው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1973 የተቀበለው «አሊስ» የሚባለው ነው። መካከለኛውና ትልቁ ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ ትልቁ ወደ 60 ሊትር የሚጠጋ ዕቃ ይይዛል፤ ከነፍሬሙ 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ፍሬሙ በሪቪት የተያያዘ የአሉሚኒየም ቱቦ ስለሆነ ከረጢቱ ተነሥቶ በባዶው ፍሬም ላይ ጆንያ ወይም የሥጋ ጭነት ማሰር ይቻላል። ጉድለቱ ከወገብ ላይ ነው፤ የታችኛው መደገፊያ ጠባብና ስስ በመሆኑ ክብደቱን ለዳሌ አጥንት በሚገባ ሳያስረክብ ኩላሊት አካባቢ ይመታል። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው «ሞሊ» ይህን ለማረም ሰፊ የወገብ ቀበቶ ቢይዝም፣ የፊተኛው የፕላስቲክ ፍሬሙ እየተሰበረ ብዙ ወቀሳ ስላመጣ እንደገና መሻሻል አስፈልጎታል።

የዳሌው ነገር የጉዳዩ ሁሉ ማዕከል ነው። ትከሻ በጅማትና በጡንቻ የተንጠለጠለ ብልት ሲሆን ዳሌ ግን በቀጥታ ከእግር አጥንት ጋር የተያያዘ መሠረት ነውና፣ በትክክል የተሠራ ቦርሳ አብዛኛውን ክብደት በፍሬሙ አውርዶ በወገብ ቀበቶው አማካይነት ለዳሌ ያስረክባል፤ ማንገቻው ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የመያዝ ሥራ ብቻ ይቀረዋል። ዲክ ኬልቲ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1952 በካሊፎርኒያ የአሉሚኒየም ፍሬም ያላቸውን ቦርሳዎች እየሠራ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ይህ ዘዴ በተራ መንገደኛ ዘንድ ተስፋፋ። ዛሬ «ኪፋሩ»፣ «ሚስትሪ ራንች» እና «ስቶን ግላሲየር» የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች የሚሠሩት የአዳኝ ቦርሳ በዚያው ሐሳብ ላይ ሌላ ብልሃት ጨምሮበታል፤ ከረጢቱ ከፍሬሙ ይላላና በመካከሉ በሚፈጠረው ክፍት ቦታ ከአጥንት የተለየው ሥጋ በማቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ከዚያ ተጠብቆ ሲታሰር ከባዱ ነገር ከጀርባ አጥንት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። የፍሬሙም ቁመት በሰውየው ጀርባ ልክ ይስተካከላል። ዋጋው ግን ሙሉው ሲገዛ ከ500 ዶላር የሚያልፍ ነው። ሚስትሪ ራንች ለወታደርም ሲሠራ የኖረ መሆኑን ስናስተውል፣ የወታደር ዕቃ ሁሉ ርካሽና ሸካራ ነው የሚለው አነጋገር መሠረት እንደሌለው እንረዳለን፤ መታየት ያለበት ስሙ ሳይሆን ክብደቱን ለዳሌ ማስረከቡ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ሲሆን፣ የተፈቀደው አደን በአብዛኛው በባሌና በአርሲ ደጋ ባሉት የተከለሉ የአደን ቀበሌዎች፣ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በሚገኙበት ስፍራ ይካሄዳል። የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል፣ ቦርሳው ምንም ቢራቀቅ ሥጋው ለአንድ ሰው ጀርባ አይሆንም፤ በዚያም የሚሸከሙት ፈረስና የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ አዳኝ ውዱ ቦርሳ የተሠራበት ዋና ምክንያት ብዙውን ጊዜ የለም። በእኔ አስተያየት የተሻለ ቦርሳ ይበልጥ የሚገባው ለአዳኙ ሳይሆን ፈለግ ለሚከተለው መሪ፣ በፓርክ ውስጥ ለሚያድረው ጠባቂ፣ ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም ወጥቶ የአፈር ናሙና ተሸክሞ ለሚመለሰው ባለሙያ ነው። የአፈር ናሙና ትንሽ መስሎ እጅግ የሚከብድ ነገር ነውና።

ለእነዚህ ሰዎች ደኅና የወታደር ቦርሳ ከብዙው አዲስ ዕቃ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ምክንያቱም ጥገናው ነው። የውዱ ቦርሳ ዚፕ ቢበላሽ አምሳያው በፍኖተ ሰላም አይገኝም፤ በዘለበትና በጠፍር የሚዘጋውን ቦርሳ ግን ማንኛውም ጫማ ሰፊ በሰም በተቀባ ክር ሊያበጀው ይችላል። የሚገዛው ሰው በችኮላ አይውሰድ፤ መጀመሪያ ማንገቻው ከከረጢቱ ጋር በተሰፋበት ቦታ በሁለት እጅ ይሳብ፣ ክሩ ከተከፈተ ይተው፤ ቀጥሎ ከረጢቱን ገልብጦ የውስጥ ቅቡን ይዳስስ፣ ከእጅ ጋር የሚጣበቅና እንደ ቅርፊት የሚላጥ ከሆነ ክረምቱን አያሳልፍም፤ ከዚያ የፍሬሙን የታች ማእዘኖች ይመልከት፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የአሜሪካ ጦር ዕቃ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በውስጥ በኩል የተሰፋውን ጨርቅ ማየት ይበቃል፤ የዕቃው ቁጥር በ8465 ይጀምራል፤ በገበያ በብዛት የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ቦርሳ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለውም። የጥጥ ሸራ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ይበዛል፣ ሳይደርቅ ከታጠፈም ይሻግታል፤ ናይለኑ በዚህ በኩል ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሊታሰብበት ይገባል። ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ያለፈ ወታደር የወታደር ቦርሳን ቀለም በሩቅ ያውቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ደግሞ ዝንጉርጉር ቀለም ያለው ቦርሳ በየኬላው ጥያቄ፣ ከዚያም የከፋ ጥርጣሬ ሊያመጣ ይችላል። የወታደር ቦርሳ የሚሻ ሰላማዊ ሰው ስለዚህ ዝንጉርጉሩን ትቶ ባለ አንድ ቀለሙን፣ ከተገኘም ግራጫውን ወይም ቡናማውን ይምረጥ፤ ሌላ ከጠፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ከላይ የሚለበስ ቡናማ ሸራ ያሰፋለት፣ እርሱም ቀለሙን ከመሸፈኑ በላይ ለዝናብ መከላከያ ይሆነዋል።