ኢንቴል፦ የቺፕ ቀዳሚው ኩባንያና ትዕግሥታቸው ያለቀ ባለአክሲዮኖቹ

ኢንቴልን ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በ1968 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠረቱት። በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለ ማይክሮፕሮሰሰር ባንዲት የሲሊከን ቁራጭ ላይ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮችን የያዘ ነበር። በ1981 አይቢኤም ለግል ኮምፒውተሩ የኢንቴልን ቺፕ መረጠ፤ ከዚያም ኢንቴል የኮምፒውተሩን ዓለም ለአሥርት ዓመታት መራ። ይኸው ኩባንያ በ2024 ዓመት 18.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ። ባለአክሲዮኖቹን ያስቆጣው ግን ኪሳራው ብቻ አይደለም። ለዓመታት የተገባላቸው ቃል በቀጠሮው አለመድረሱ ነው።

ቁጣቸውን ለመረዳት የኢንቴልን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንቴል ቺፑን ራሱ ይነድፋል፤ በአብዛኛውም ራሱ ያመርታል። እንደ ኤንቪዲያ፣ አፕልና ኤኤምዲ ያሉት ግን ነድፈው ሲያበቁ ምርቱን ለሌላ ይሰጣሉ። ከተቀባዮቹ ትልቁ በ1987 የተቋቋመው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። አንድ ዘመናዊ የቺፕ ፋብሪካ ከአሥር ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል፤ የሚያዋጣውም ያለማቋረጥ ሲሠራ ነው። የባለቤቱን እህል ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይውላል፤ የመንደሩን ሁሉ እህል የሚፈጭ ግን ወጪውን ይሸፍናል፣ በየጊዜውም ድንጋዩን ያድሳል። ቲኤስኤምሲ ሁለተኛው ዓይነት ወፍጮ ሆነ፤ ኢንቴል የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ቀረ።

የስማርት ስልክ ዘመን ሲመጣ የስልኮቹ ቺፕ ገበያ በአብዛኛው ወደ ሌሎች ሄደ። ኢንቴል በበኩሉ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ እየከፈለ፣ የራሱንም አክሲዮን በአሥር ቢሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር መልሶ እየገዛ ሳለ የማምረት ብልጫውን አጣ። በ2016 ይደርሳል ተብሎ የነበረው የ10 ናኖሜትር የማምረቻ ቴክኖሎጂ በብዛት የወጣው በ2019 ነው። በሐምሌ 2020 ደግሞ ቀጣዩ የ7 ናኖሜትር ቴክኖሎጂም እንደሚዘገይ ሲነገር አክሲዮኑ ባንድ ቀን 16 በመቶ ወረደ።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ወደ አደባባይ ወጣ። ተርድ ፖይንት የተባለውን የኢንቨስትመንት ተቋም የሚመራው ዳንኤል ሎብ በ2020 መጨረሻ ለኢንቴል ቦርድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ንድፍና ምርት ባንድ ቤት መቆየት አለባቸው ወይ የሚለው እንዲጠና ጠየቀ። በየካቲት 2021 ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው ፓት ጌልሲንገር መልሱን ለየት አደረገው፦ ፋብሪካው አይሸጥም፣ እንዲያውም ይስፋፋል፤ ለውጭ ደንበኞችም ያመርታል። በአራት ዓመት ውስጥ አምስት የቴክኖሎጂ ደረጃዎችን እንወጣለን አለ፤ በአሪዞናና በኦሃዮ ለሚገነቡ ፋብሪካዎችም በየግዛቱ 20 ቢሊዮን ዶላር መደበ።

ዕቅዱ ትርጉም ነበረው፤ ጊዜንም ገንዘብንም ግን ይበላ ነበር። ደንበኛም ቶሎ አልመጣም፤ ዘግይቶ የሚያደርስ አምራችን፣ ይልቁንም በንድፍ የሚፎካከርህን ሰው፣ አምኖ ምስጢርን መስጠት ከባድ ነው። በ2023 የማምረቻው ክፍል 7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። በነሐሴ 2024 ኩባንያው 15,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንስና ከ1992 ጀምሮ ሲከፍል የኖረውን የትርፍ ድርሻ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወደቀ። ጌልሲንገር በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀ።

በመጋቢት 2025 በቦታው የተተካው ሊፕ ቡ ታን መንገዱን አጠበበ። በጀርመንና በፖላንድ የታቀዱ ግንባታዎች ተሰረዙ፤ ቀድሞውኑ ወደ 2030 ገደማ የተገፋው የኦሃዮ ፋብሪካ ግንባታ ይበልጥ እንዲዘገይ ተደረገ፤ ለቀጣዩ ቴክኖሎጂ የሚወጣው ገንዘብም ቃል ከሚገባ ደንበኛ ጋር ተያያዘ። በነሐሴ የአሜሪካ መንግሥት 8.9 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ 10 በመቶ ያህል ድርሻ ያዘ፤ በመስከረም ደግሞ ኤንቪዲያ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያፈስ አስታወቀ።

ባለአክሲዮኖቹ መማረራቸው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የፋብሪካ ሥራ ዓመታት እንደሚወስድ ያውቁ ነበር፤ የጎዳቸው ቀን ተቆርጦ ቀኑ ደጋግሞ መሰበሩ ነው። ሆኖም አክሲዮኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ኩባንያውን መፈረጅም ያሳስታል፤ የመንግሥትም ሆነ የተፎካካሪ ገንዘብ ጊዜ ይገዛል እንጂ ደንበኛን አይተካም። ተገቢው መለኪያ አንድ ነው፦ ቺፑን የነደፈ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ለኢንቴል ፋብሪካ ከፍተኛ መጠን ያለው ትዕዛዝ ፈርሞ፣ ምርቱን በተባለው ቀን ተረክቧል ወይ? ባለአክሲዮን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፤ የኩባንያው አመራርም በቅድሚያ ሊመልስ የሚገባው ይህንኑ ነው።