“ተወግቻለሁ ወይስ አልተወጋሁም?” የኢንሱሊን መጠንን የሚመዘግቡ ተቀጥላ መሣሪያዎች እንዴት ይሠራሉ?

ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታካሚ እንደ ሕክምናው ዓይነት በቀን ከ1 እስከ 4 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ራሱን በመርፌ ይወጋል። በቀን 4 ጊዜ የሚወጋ ሰው በዓመት ውስጥ ይህንኑ ተግባር ከ1 ሺህ 400 ጊዜ በላይ ይደጋግመዋል። ዘወትር የሚደጋገም ሥራ ደግሞ ከልማድ ብዛት ልብ ሳይባል ያልፋል፤ የዛሬው ጠዋት ከትናንቱ ጠዋት ጋር ይምታታል። “ተወግቻለሁ ወይስ አልተወጋሁም?” የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የተሳሳተው መልስ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። መድኃኒቱን ሳይወስድ የቀረ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ያሻቅባል። ያልወሰደ መስሎት የደገመ ሰው ደግሞ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ምግብ ሳይቀምስ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ የዋለ አርሶ አደር ለዚህ አደጋ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ በራሱ የደም ስኳርን ይቀንሳልና።

ይህንን ችግር ለማቃለል በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ ኩባንያዎች በኢንሱሊን ብዕር ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ መዝጋቢ መሣሪያዎችን ሠርተዋል።

ብዕሩ የሚለካው እንጂ የማያስታውሰው

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ነው። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ታካሚዎች መድኃኒቱን ከብልቃጥ በሲሪንጅ እየቀዱ ሲወጉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ በ1985 የዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ ኖቮፔን የተባለውን የኢንሱሊን ብዕር ለገበያ አቀረበ።

ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ብዕር 3 ሚሊ ሊትር ወይም 300 ዩኒት ኢንሱሊን ይይዛል። ታካሚው በብዕሩ ጫፍ ያለውን መዘውር አዙሮ መጠኑን ይመርጣል፤ በአብዛኞቹ ብዕሮች እያንዳንዱ “ጠቅ” የሚል ድምፅ 1 ዩኒት ነው። ከዚያም ቁልፉን ተጭኖ ይወጋል። ተራው ብዕር መጠኑን በሚገባ ይለካል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ስንት ዩኒት እንደተወሰደ ግን አያስታውስም።

ይህንን ጉድለት ለመሙላት ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል። የመጀመሪያው ብዕሩን በሰዓት ቆጣሪ ክዳን መክደን ነው። ታይምሱሊን የተባለው ክዳን ብዕሩ መጨረሻ ከተከፈተ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ያሳያል፤ መጠኑን ግን አያውቅም። ሁለተኛው መጠኑንም ሰዓቱንም የሚመዘግብ መሣሪያ በብዕሩ ላይ መግጠም ነው። የፈረንሳዩ ባዮኮርፕ ኩባንያ የሠራው ማሊያ እና የስፔኑ ኢንሱልክሎክ በዚህ ይመደባሉ፤ መረጃውን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካሉ። ሦስተኛው መንገድ መዝገቡን በብዕሩ ውስጥ አብሮ መሥራት ነው። ኖቮፔን 6 የተባለው ብዕር የመጨረሻዎቹን 800 መርፌዎች በውስጡ ይይዛል።

ተቀጥላው መሣሪያ ከሌሎቹ የሚለየው ታካሚው የለመደውን ብዕር ሳይለውጥ እንዲጠቀም ማስቻሉ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ብዕሩ ይጣላል፤ መሣሪያው ተነቅሎ በአዲሱ ላይ ይገጠማል።

የመቁጠሩ ፈተና

መጠኑን ለማወቅ በርካታ ስልቶች አሉ። አንደኛው በመዘውሩ ላይ ማግኔት አድርጎ የማግኔቱን መዞር መከታተል ነው። ሁለተኛው ብርሃን በሚለይ መዳሰሻ የመዘውሩን እንቅስቃሴ ማንበብ ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ “ጠቅታ” የሚፈጥረውን ድምፅ ወይም ንዝረት መቁጠር ነው።

ሆኖም መዘውሩ የዞረውን ሁሉ መቁጠር ብቻ አይበቃም። አንድ ታካሚ መዘውሩን እስከ 20 አዙሮ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ 18 ሊመልሰው ይችላል። መወጋት ከጀመረ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ በ12 ዩኒት ላይ ሊያልቅ ይችላል። ትክክለኛው መዝገብ 12 ነው፤ 20 ወይም 18 ብሎ የሚመዘግብ መሣሪያ ታካሚውንም ሐኪሙንም ያሳስታል። ስለዚህ መሣሪያው የተመረጠውን መጠን ከወጣው መጠን መለየት አለበት።

ሌላው ፈተና የሙከራ ጠብታ ነው። ታካሚው ከመወጋቱ በፊት መርፌው አለመደፈኑን ለማረጋገጥና አየሩን ለማስወጣት ብዙ ጊዜ 2 ዩኒት ወደ አየር ይረጫል። መሣሪያው ይህንን እንደ መድኃኒት ከቆጠረው በቀን 4 ጊዜ የሚወጋ ሰው ያልወሰደው 8 ዩኒት እንደወሰደ ሆኖ ይመዘገብበታል። አንዱ መፍትሔ ትንሽ መጠን ወጥቶ ወዲያው ትልቅ መጠን ከተከተለ የፊተኛውን እንደ ሙከራ መቁጠር ነው። ነገር ግን ትንሽ ሕፃን ሙሉ መጠኑ 2 ዩኒት ሊሆን ስለሚችል ይህም ደንብ ሊስት ይችላል።

ብዙ ታካሚዎች ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ይጠቀማሉ፤ አንዱ ከምግብ ጋር የሚወሰድና ፈጥኖ የሚሠራ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ነው። መሣሪያው በስሕተት ከአንዱ ብዕር ወደ ሌላው ከተዛወረ ቁጥሩ ትክክል፣ መድኃኒቱ ግን የተሳሳተ ይሆናል። ለሁለቱ ብዕሮች ሁለት በቀለም የተለዩ መሣሪያዎችን መጠቀም ይህንን ስሕተት ይቀንሳል።

ከዚህም በተጨማሪ መሣሪያው የብዕሩን የቁጥር መስኮት መሸፈን፣ መዘውሩን ማክበድ ወይም የሚወጣውን መጠን ማዛባት የለበትም። የስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ዓይንንና የጣት ስሜትን ሊጎዳ ስለሚችል ቁጥሩ ጎልቶ የሚታይ፣ አገጣጠሙም ቀላል ሊሆን ይገባል። ስልክ በጠፋ ወይም በተዘጋ ጊዜም መዝገቡ በመሣሪያው ውስጥ መቆየት አለበት።

ከሁሉ በላይ መሣሪያው እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ “አላውቅም” ማለት መቻል አለበት። ባትሪው ደክሞ ወይም በትክክል ሳይገጠም ቀርቶ መርፌ ቢያመልጠው የቀድሞውን ቁጥር እንደ አዲስ ከሚያሳይ ባዶ ምልክት ቢያሳይ ይሻላል። መዝገብ የሌለው ሰው ይጠነቀቃል፤ የተሳሳተ መዝገብ የያዘ ሰው ግን ተማምኖ ይደግማል።

መሣሪያው የማያየው

መሣሪያው የሚያውቀው ከብዕሩ የወጣውን እንጂ ወደ ሰውነት የገባውን አይደለም። መርፌው ቶሎ ከተነቀለ መድኃኒቱ በቆዳ ላይ ይፈሳል። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ መርፌውን ሳይነቅሉ እስከ 10 ሴኮንድ መቆየት የሚመከረው ለዚህ ነው። ሙቀት ወይም ውርጭ ያበላሸው ኢንሱሊንም ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሥራውን ላይሠራ ይችላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ፣ ሳይረጋ መቀመጥ አለበት። በአገልግሎት ላይ ያለውም ከፀሐይና ከምድጃ መራቅ ይኖርበታል።

ብልቃጥና ሲሪንጅ ለሚጠቀሙ

በኢትዮጵያ ብዙ ታካሚዎች ኢንሱሊን የሚወስዱት ከብልቃጥ በሲሪንጅ እየቀዱ ነው። እነዚህ ተቀጥላዎች ለብዕር የተሠሩ በመሆናቸው በሲሪንጅ ላይ አይገጠሙም። የሚሠሩት ሥራ ግን በደብተርና በእርሳስም ይሠራል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የኢንሱሊን ዓይነትና የዩኒት ብዛት መጻፍ ነው። ደብተሩ ከብልቃጡ ጋር አብሮ ቢቀመጥና መርፌው እንደተነቀለ ወዲያው ቢጻፍበት ለመርሳት ቦታ አይተርፍም። መጻፍ የማይችል ሰው በቤተሰቡ እገዛ ወይም በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት በማድረግ መከታተል ይችላል።

በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ዙሪያ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የማውረድ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። በቀጠሮ ቀን የሚቀርብ በሚገባ የተያዘ ደብተር የጤና ባለሙያው መጠኑን ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ሲወስን ይረዳዋል።

ሲሪንጁም ከብልቃጡ ጋር መስማማት አለበት፤ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ለሚል ኢንሱሊን 100 የሚል ሲሪንጅ ያስፈልጋል።

መወጋቱን የተጠራጠረ ሰው በግምት አይድገም፤ የደም ስኳሩን ይለካ፣ የጤና ባለሙያም ያማክር። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኀብና ግራ መጋባት የደም ስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። የሚውጥ ሰው ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ ሳይሰጥ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።