ትራይፖዱ ምን ላይ ቆሟል?

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ስለተሰነጠቀ አንድ ሕንፃ የቀረበ ሪፖርት እስካሁን ይከነክነኛል። «ጥጉ በክረምቱ 2.13 ሚሊ ሜትር ሰጥሟል» ይላል። ሕንፃው ያረፈው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ ደግሞ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ይወርዳል። ዝናብ በጠገበ ዋልካ ላይ የሕንፃ ጥግ ተነሣ ቢባል ይገባኝ ነበር።

የለኩት ከትራይፖድ ላይ የተነሣ የሌዘር ጨረር ሕንፃው ላይ በተተከለች ሰሌዳ የሚያሳርፈውን ነጥብ በካሜራ እየተከታተሉ ነው። ንባቡን እንዴት እንዳመኑት ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ የለመድኩት ነው፦ «ካሜራችን እኮ 48 ሜጋፒክስል ነው!»

ይህ የሜጋፒክስል ነገር ሰልችቶኛል። ሕንፃው ላይ በተተከለችው ሰሌዳ አንድ ፒክስል 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሸፍን፣ የሌዘሩን ነጥብ መሃል ከብርሃኑ ጥንካሬ አስልቶ የፒክስሉን አንድ አሥረኛ ማግኘት ይቻላል። ለዚህ ተራ ካሜራ ይበቃል። እንዲያውም ውድ ስልክ ይዞ የመጣ ሰው የባሰ ሊቸገር ይችላል፤ ስልኩ የእጅ መንቀጥቀጥን ለማረም ሌንሱን ሲያንቀሳቅስ ነጥቡም ከቦታው ይዛወራል። ብርሃን ከበዛ ነጥቡ ድፍን ነጭ ይሆንና መሃሉ ይጠፋል። ሌዘር ሸካራ ገጽ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ነጠብጣብም ፒክስል ስለበዛ አይጠራም።

ይሁን፣ ይህ ሁሉ ተስተካከለ እንበል። ሌዘሩን የተሸከመው ትራይፖድ የት ቆመ? ግቢው ውስጥ፣ እዚያው ዋልካ ላይ! እግሮቹ በ1 ሜትር ቢራራቁና በሕንፃው በኩል ያለው እግር 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ 20 ሜትር ላይ ጨረሩ 2 ሚሊ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ነጥቡ ሰሌዳው ላይ ሽቅብ ሲሄድ ሶፍትዌሩ «ሰሌዳው ሰጠመ» ብሎ ይመዘግባል። ምስሉም ስሌቱም እንከን የላቸውም፤ ያበጠው መሬቱ ነው።

ዓባይ በረሃ የሠራ ባለሙያ ይህን አይስተውም። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወስደው መንገድ ዳገቱ ራሱ በሚንሸራተትበት ቦታ፣ መንገድ ዳር የተተከለ ምልክት ከመንገዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን እርስ በርስ የለካ ሰው ምንም አልተንቀሳቀሰም ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ገንዘቡን ከካሜራ ይልቅ ጉድጓድ ላይ አውሉት። ከዋልካው ሥር አለቱ እስኪገኝ ተቆፍሮ የኮንክሪት ምሰሶ ይቁም፤ አፈሩ ሲያብጥ ይዞት እንዳይነሣ በሰፊ ቱቦ ይከለል፤ ሌዘሩ እዚያ ላይ ይታሰር። አለቱ ሩቅ ነው፣ በጀት የለም ካላችሁ፣ በዚያው አቅጣጫና ርቀት በማይነቃነቅ ነገር ላይ ሁለተኛ ሰሌዳ ተክላችሁ የእሷን ንባብ ከሕንፃው ንባብ ላይ ቀንሱ።

ሪፖርት ስትልኩልኝ ከግራፉ በፊት የትራይፖዱን እግርና የቆመበትን መሬት የሚያሳይ ፎቶ አስቀድሙ። እሱ ከሌለ አልፈርምም።