በባንክ ላይ የደረሰ ጥቃትና የደንበኞች ቅሬታ

ነጋዴ ገንዘቡን ከቤቱ ሣጥን አውጥቶ በባንክ የሚያኖረው በባንኩ ጥበቃ ስለሚተማመን ነው። በአሁኑ ዘመን ግን ሌባ ግድግዳ ሳይነድል ቁጥር በማወቅ ብቻ ሊሰርቅ ስለሚችል፣ የትኛውም ባንክ ፈጽሞ አይደፈርም ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ደንበኞች የባንካቸውን ታማኝነት የሚመዝኑት በመደፈሩ ብቻ ሳይሆን ከተደፈረ በኋላ በሚያደርገው ሥራ ጭምር ነው። በብሪታንያ በቴስኮ ባንክ ላይ የደረሰው ሁኔታ በአገሩ የፋይናንስ ተቈጣጣሪ ባለሥልጣን ተመርምሮ ውጤቱ በይፋ ስለ ተገለጠ፣ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ጥቃቱ የጀመረው ቅዳሜ ጥቅምት 26 ቀን 2009 ዓ.ም. (ኖቬምበር 5 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በምርመራው እንደ ተገመተው፣ አጥቂዎቹ የደንበኞችን የዴቢት ካርድ ቁጥሮች ያገኙት በኮምፒዩተር ስሌት ነው። ባንኩ ካርዶችን በተከታታይ ቁጥር ማውጣቱ፣ ደግሞም የካርዱን ማብቂያ ቀን በትክክል ሳያመሳክር ጊዜው አለማለፉን ብቻ መመልከቱ ሥራውን አቀለለላቸው። ከዚህም በላይ ይህን ስለ መሰለ ማጭበርበር አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ሳለ፣ የክሬዲት ካርዶቹን አጥብቆ የዴቢት ካርዶቹን እንደ ነበሩ ተዋቸው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የባንኩ መሣሪያ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ መኖሩን ለደንበኞች በስልክ መልእክት ማስታወቅ ጀመረ። ደንበኞችም ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወደ ባንኩ መደወል ያዙ። የባንኩ ሠራተኞች ጥቃት መኖሩን የተረዱት ከዚሁ ጥሪ ነው። ሆኖም ለተረኛው ባለሙያ በስልክ መናገር ሲገባቸው ወደ ክፍሉ የደብዳቤ ሣጥን ኢሜይል ላኩ፤ ጉዳዩም ማጭበርበርን ለመከላከል ኃላፊ ወደ ሆነው ክፍል እስኪደርስ 21 ሰዓት አለፈ። ክፍሉ በበኩሉ አብዛኛው ገንዘብ የሚወጣበትን የብራዚልን ክፍያ ለማገድ ትእዛዝ ሲያዘጋጅ በብራዚል መለያ ቁጥር ፈንታ የዩሮ ገንዘብን መለያ አስገባ፤ እገዳውም መሥራት አለመሥራቱን የተከታተለ ስላልነበረ ገንዘቡ መውጣቱን ቀጠለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው።

የደንበኞች ምሬት የበረታው በዚህ ጊዜ ነው። ባንኩ ሰኞ ዕለት በኢንተርኔት የሚደረገውን የዴቢት ካርድ ክፍያ ስላገደ፣ ገንዘቡ ያልተነካበት ሰው እንኳ ዕቃ መግዛት ተቸገረ። ከ20,000 ሒሳቦች ገንዘብ መወሰዱ በመጀመሪያ ከተነገረ በኋላ ቁጥሩ ወደ 9,000 ዝቅ አለ፤ ባለሥልጣኑ በመጨረሻ ያረጋገጠው ግን 8,261 ነው። የተወሰደው ገንዘብ 2.26 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ባንኩ ለደንበኞቹ ቢተካላቸውም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የ16.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተወሰነበት፤ ይህም ከተወሰደው ገንዘብ ሰባት እጥፍ ይበልጣል። ከምርመራው ጋር ባይተባበርና ደንበኞቹን ባይክስ ኖሮ ቅጣቱ ከ33 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይሆን ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የተወሰደ ገንዘብ ሊተካ ይችላል፤ ደንበኛው መልስ ሲጠብቅ ያሳለፈው ሰዓትና ያጣው እምነት ግን በቀላሉ አይተካም። ለአስመጪ የአንድ ቀን መዘግየት ዕቃ በወደብ እንዲቈይ፣ ለላኪም ውል እንዲፈርስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጋዴ ሒሳብ ሲከፍት ስለ ወለድና ስለ አገልግሎት ክፍያ ብቻ ሳይሆን፣ በሌሊትና በበዓል ቀን አቤቱታውን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፣ ሒሳቡስ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚታገድለት መጠየቅ ይገባዋል። ዋናውን የንግድ ገንዘብ በካርድ ከሚንቀሳቀሰው ሒሳብ መለየት፣ የሒሳብ መግለጫን በየዕለቱ ማመሳከር፣ ችግር ሲደርስም የተደወለበትን ሰዓትና መልስ የሰጠውን ሠራተኛ ስም በጽሑፍ መያዝ ኋላ ለክርክር ይጠቅማል።

ደግሞም ነገሩ ባንኮችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የደንበኞቹን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ባለሱቅም የሰው አደራ ተቀብሏል። በአገራችን የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላውን ሰው መረጃ በሚይዝ ላይ የጥበቃ ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ ነጋዴው ከባንኩ የሚጠብቀውን ትጋትና ፈጣን መልስ ለራሱም ደንበኞች ሊያዘጋጅ ይገባዋል።