ስለ ሥጋ፣ ስለ ነፍስና ስለ መንፈስ ጤንነት

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ተነሥቶ በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖር ክርስቲያን፣ ሰውነቱ በዛለ ወይም ልቡ በተጨነቀ ጊዜ የሚሄድበት ስፍራ አያጣም፤ ጠበሉ፣ የጸሎት ቤቱ፣ ክሊኒኩና ጂሙ ሁሉ በአጠገቡ ናቸውና። ዳሩ ግን አንዱ ሥጋውን፣ አንዱ ሐሳቡን፣ አንዱ መንፈሱን ይዞ ሲከፋፈሉት፣ ሰውየው በተፈጥሮው አንድ መሆኑን የሚያስታውስ ትምህርት የት እንደሚገኝ መመርመር ይገባል፤ ይህም ትምህርት በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ ከሩቅ መፈለግ አያሻም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ ነው፤ የሥጋው አራት ባሕርያት መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ሲሆኑ፣ የነፍሱ ሦስት ባሕርያት ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። በዚህ አቈጣጠር መንፈስ ራሱን ችሎ እንደ ሦስተኛ ወገን አይቈጠርም፤ ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 5 መንፈስንም ነፍስንም ሥጋንም በየስማቸው ጠርቶ ያለ ነውር ይጠበቁ ዘንድ ስለሚለምን፣ ሰው ሁለት ወገን ነው ወይስ ሦስት የሚለው ጥያቄ በክርስቲያኖች መካከል ሲያከራክር ኖሯል። የሎዶቅያው አቡሊናርዮስ ሦስትነቱን መሠረት አድርጎ፣ ጌታ ሥጋንና ሕያዊት ነፍስን ነሣ፣ በልቡና ስፍራ ግን መለኮቱ ነበረ ብሎ ባስተማረ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት ትምህርቱን አወገዙ፤ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ክርስቶስ ያልተዋሐደው የሰው ወገን ቢኖር ያ ወገን ሳይፈወስ በቀረ ነበር በማለት ተከራከረ። እኔ በበኩሌ ስለ ሰው ጤንነት ከተነገሩት ሁሉ ይህን አብልጬ አከብረዋለሁ፤ በዚህ ክርክር መሠረት ከሰው ተፈጥሮ ውስጥ ለመዳን የማይገባ ተብሎ የሚጣል አንድም ነገር የለምና። ቅዱስ ቄርሎስም የመለኮትንና የትስብእትን ተዋሕዶ ለማስረዳት የነፍስንና የሥጋን አንድነት ምሳሌ አድርጎ ስላስተማረ፣ ሥጋን የነፍስ ወኅኒ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው የገዛ ሃይማኖቱን ምሳሌ ያፈርሳል፤ በመጨረሻይቱ ቀን ይነሣል ብለን በትንሣኤ ሙታን ምሥጢር የምናምነውም ይኸው ሥጋ ነው።

ይህ አሳብ በገዳም ሕይወት እንዴት እንደ ተሠራበት ከመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ይኸውም ከማር ይስሐቅ፣ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ማየት ይቻላል። ከሶርያ አበው ምንጭ የተቀዱት እነዚህ መጻሕፍት መንገደኛውን በሦስት መዓርግ ይመሩታል፤ ጀማሪው በጾም፣ በስግደትና በትጋህ ወደ ንጽሐ ሥጋ፣ ማዕከላዊው ቍጣንና ፍትወትን ድል በመንሣት ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ፍጹሙም ሐሳቡ ከመባከን ዐርፎ ወደ ንጽሐ ልቡና ይደርሳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሥጋ የመጀመሪያው ደቀ መዝሙር ነው፤ ጕልበት ሳይሰግድ፣ አፍ ከመብል ሳይከለከል፣ ዓይን ሳይነቃ ልብ ብቻውን እንዲጸዳ የሚጠብቅ የለም። ከዚህም ጋር ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛውን ከጾም ግዴታ ነፃ ማውጣቱን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ስኳር ሕመም ይዞት መድኃኒቱን በምግብ መውሰድ ያለበት ሰው፣ የንስሐ አባቱን ሳይጠይቅ በፍርሃት ብቻ እየጾመ ራሱን ቢጥል፣ ቤተ ክርስቲያን ያልጫነችበትን ሸክም ተሸክሟል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ግን ሰው መንፈስ፣ ነፍስና ሥጋ ነው የሚለው ሦስትነት ጐልቶ ይሰበካል፤ ቻይናዊው ሰባኪ ዋችማን ኒ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920ዎቹ የጻፈው «መንፈሳዊ ሰው» የተባለው መጽሐፍ ለዚህ አስተሳሰብ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ትምህርቱ ለጸሎት የሚያነቃቃ ቢሆንም፣ ስሜትንና አእምሮን ከመንፈስ እጅግ አርቆ ስለሚያስቀምጥ፣ ያዘነ ሰው ሐዘኑን እንደ ነውር ቈጥሮ እንዲደብቀው ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጡት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ምዕራባውያን ለጋሾች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለስብከተ ወንጌል መንፈጋቸውን ነቅፋ፣ ሥጋዊውን ችግር ከመንፈሳዊው መለየት ሰውን ለሁለት መክፈል መሆኑን አስረዳች፤ ሙሉውን ሰው የማገልገል መርሕም ከዚያ ወዲህ የማይዘነጋ ሆነ። እኚህ ሰው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቦሌ ብዙ በማይርቀው የዑራኤል መካነ ኢየሱስ ጉባኤ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ።

በሴኡል የሚገኘው የምዩንግሱንግ ቤተ ክርስቲያን በ1997 ዓ.ም. በገርጂ የከፈተው፣ ሕዝቡም ኮሪያ ሆስፒታል ብሎ የሚጠራው ሐኪም ቤት ሙሉውን ሰው የማገልገል አሳብ የሚታይ ምሳሌ ነው። በኮተቤ ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም ብዙ ሰው በ2012 ዓ.ም. ከነበረው የኮሮና ወረርሽኝ ጋር ቢያስታውሰውም፣ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ነው። ወደዚህ በር የሚደርሱት ግን ብዙዎቹ አስቀድመው በየጠበሉ የቈዩ ናቸው፤ ይህንም አልነቅፍም፣ ጠበሉ ሕመምተኛውን ከቤተ ሰቡና ከተስፋው ጋር ያቈየዋልና። የሚያስጨንቀኝ መድኃኒትህን ካልጣልክ እምነትህ ጐድሏል የሚለው ቃል ነው። በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ከነበሩት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ በመኖራቸው፣ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ በአንድነት እንዲወሰዱ በይፋ አስተማሩ። ይህም ከሰማንያ አሓዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ባለ መድኃኒት ክብር ከሚያስተምረው ጋር የተስማማ ነው።

በአዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ይበልጥ የጐደለ የሚመስለኝ የነፍስ አባት ነው። ቀድሞ የነፍስ አባት በየቤቱ እየገባ ጠበል የሚረጭ፣ የባልና የሚስትን ጠብ የሚያበርድ፣ የማን እንቅልፍ እንደ ጠፋ፣ ማን መጠጥ እንዳበዛ የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ የገባ ቤተ ሰብ ግን ብዙ ጊዜ አባቱን በአሮጌው ሰፈር ትቶ፣ በአዲሱ ደብር ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመለስ እንግዳ ሆኗል። ከካህኑ አገልግሎት የተዘነጋ ሌላም አለ፤ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነው ምሥጢረ ቀንዲል፣ ካህኑ በሕመምተኛው ላይ ጸልዮ ዘይት እየቀባ የሥጋውን ፈውስና የነፍሱን ሥርየት በአንድ ጸሎት የሚለምንበት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ምእመናን ለሞት ለተቃረበ ብቻ የተሠራ ስለሚመስላቸው አይጠይቁትም፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ግን በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ቀሳውስትን እንዲጠራ ያዘዘው የታመመውን ሁሉ ነው።