በጣሳ ለሚተከል አትክልት ውሃና አፈር

ገበሬ ወገኖች፣ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ትንሽ እርሻ ነው። በጣሳ፣ በባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በማዳበሪያ ጆንያ ስለሚበቅል አትክልት ነው። ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ግቢው ጠባብ ነው፤ ብዙው ቦታም ሲሚንቶ ነው። ልጁ ዘንድ ከተማ የገባ ገበሬ መሬት ቢያጣ ጣሳ አያጣም። ቃሪያውንና ቆስጣውን ከደጃፉ ቀጥፎ ወጥ ውስጥ መጨመር ይችላል።

ነገር ግን ጣሳ ማሳ አይደለም። በማሳ ላይ ዝናብ ቢጠፋ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ እርጥበት ይፈልጋል። ጣሳ ውስጥ ያለው ሥር ታዲያ ወዴት ይወርዳል? ከታች ያለው ቆርቆሮ ነው። ውሃውንም፣ ምግቡንም፣ አየሩንም የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ዕቃውን ከታች በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ያልተበሳ ጣሳ ውሃ ያቁራል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። ለቆስጣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ይበቃል። ለቲማቲም ግን ሁለት ስንዝር ያስፈልጋል። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ በምንም ዓይነት አትጠቀሙ። ቢታጠብም መርዙ አይለቅም።

አፈሩን ከማሳ ዝቃችሁ ብቻውን አትሙሉ። ጣሳ ውስጥ ሲጠጣ ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። አሸዋውን ቆሻሻ ከማይደፋበት ቦታ ውሰዱ። ፍየል ያለው ሰው ፍግ አይቸግረውም፤ ግን ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ሽታው ጠፍቶ አፈር እስኪመስል ድረስ ይቆይ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ለሐረር ጣሳ የሚበቃው ውሃ ለድሬዳዋ ጣሳ አይበቃም። ይህን ያየ ሰው ፈርቶ ጠዋት ማታ ይደፋል። እሱም ልክ አይደለም። ሥር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ይታፈናል። ታዲያ በምን ይታወቃል? ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ አጠጡ።

ስታጠጡ ቀስ ብላችሁ፣ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጠጡ። ደቻቱ ሲሞላ አይታችኋል፤ በችኮላ የመጣ ውሃ ላይ ላዩን ያልፋል እንጂ አይሰርግም። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ማጠጣት ይሻላል። ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አትደንግጡ፤ ማታ ይቃናል። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኛችሁት ጣታችሁን ክተቱ። ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል። እርጥብ ሆኖ ከሸተተ ግን ሥሩ በስብሷል ማለት ነው።

ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ጠብታውም ገንዘብ ነው። የሐረማያ ሐይቅ እንኳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር፤ ውሃው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። እናም ሩዝና ጎመን ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ፤ ለጣሳው ይሆናል። ሳሙና፣ በረኪና ወይም ጨው የገባበት ግን አይሆንም። አፈሩን በገለባ አልብሱት፤ እርጥበቱ ይቆያል። ቆርቆሮ ጣሳ በፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግል ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ወይም ውጪውን ኖራ ቀቡት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ እኮ! በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ብቻ የሚረጭበት ጣሳ ላይም ያው ነጭ ቅርፊት ይታያል። ቅርፊቱን ጫሩና አውጡት። ዝናብ ሲመጣ ጣሳውን ከጣሪያ ሥር አውጡት፤ የሰማይ ውሃ ያጥበዋል።

አትክልቱ ሲያልቅ አፈሩን አትጣሉት። ሥሩን ልቀሙ፣ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ አዲስ ፍግ ጨምሩበት። ቲማቲም ከነበረበት በሚቀጥለው ጊዜ ቲማቲምም ቃሪያም አትትከሉ፤ በሽታቸው አንድ ነው። ቆስጣ ይተከልበት።